ያላነበብኳት ግማሽ መስመር

ሁለቱ ሰዎች ሻይ ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ እኔ ሦስተኛውን አንቀጽ እያነበብኩ ነበር። ዳንግላ ውስጥ ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንታት አልፈዋል። ወሬ በሰው አፍ ብቻ በሚሄድበት በዚያ ሰሞን አንድ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቆይቶ እኔ ጋ ደረሰ። «አንተ አንብብልን እንጂ፤ ያንተ ድምፅ ይሻላል» አሉኝ። ሥራዬ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ለሰው ማንበብ እወዳለሁ። ድምፄም፣ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ ጥሩ ነው። ብድግ ብዬ ቆሜ አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው አልጠየቅኩም። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ጨርሰሃል?» አለኝ። አልጨረስኩም ነበር፤ ግን «አዎ» አልኩት።

ጣቢያ የተቀበለኝ መርማሪ ብዙ አልተናገረኝም።

«ማን ነው የጻፈው?»

«አላውቅም።»

«የማታውቀውን ሰው ጽሑፍ ነው ቆመህ የምታነበው?»

 በዚያች ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ያለ ክስ ሁለት ወር ሊሞላኝ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ስላቆዩኝ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ጥያቄው ግን ጥያቄ ነበር። ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

ያስገቡኝ ቤት ከዚያ በፊት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ከረጢቶቹ ወጥተው እኛ ገባን፤ ሽታው ግን አልወጣም። የመጀመሪያውን ቀን ዓይኔ ሲያነባ ዋለ። አለቀሰ እንዳይሉኝ «ማዳበሪያው ነው» እያልኩ ለአንድ ለአንዱ አስረዳ ነበር። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። መስኮቱ አንድ ነው፣ ከፍ ያለ፣ ሽቦ የተመታበት። የምንተኛው በባዶ ከረጢት ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ነበርን፤ ስም አንጠራራም። አንዳንዱ ስሙን መናገር ይፈራል፣ አንዳንዱ የሌላውን ማወቅ ይፈራል። እናም በየሥራችን ተጠራራን። እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ ብላቸው «ጠበቃው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሹመት ውጭ ሆኜ አግኝቼ አላውቅም።

በቀኜ የሚተኙት ሽማግሌ ከአዲስ ቅዳም በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው፣ ሲደርስ ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ። መጀመሪያ የተናገሩት አገውኛ ስለሆነ አማርኛ ሲያወሩ ቀስ ይላሉ፤ አንዷን ቃል ካስቀመጡ በኋላ ነው ሌላዋን የሚያነሡ። ለምን እንደታሰሩ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ማንበብ አይችሉም። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቀትር ላይ ለግማሽ ሰዓት ፀሐይ ስንወጣ ከሁሉም ቀድመው በሩ ላይ የሚገኙት እሳቸው ናቸው። ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው።

በግራዬ የሚተኛው የኢንጅባራ ልጅ ነው፤ ባጃጅ ሹፌር፣ ሁለት ልጆች ያሉት። ስኳር አለበት። መድኃኒቱን፣ ያችን ትንሽ ብልቃጥ፣ በእርጥብ ካልሲ ከቶ መስኮቱ ሽቦ ላይ ያንጠለጥላታል፤ ንፋሱ ቀዝቀዝ ያደርግለታል። መርፌው ግን ጠባቂዎቹ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ጠዋትና ማታ ብልቃጧን ይዞ ይወጣል፣ ሆዱን ገልጦ በሰው ፊት ይወጋል፣ መርፌውን መልሶ ይመጣል። አንዳንዱ ጠባቂ ዝም ይለዋል። አንዳንዱ «ሱስህ ተነሣብህ?» ይለዋል። ሲመለስ ጃኬቱን ራሱ ላይ ስቦ ይተኛል። በዚያ ላይ ብልቃጧ እየጎደለች ነው፤ ሚስቱ ሌላ እንዳታመጣለት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል።

እኔ ሥራ አላጣሁም። ስንቅ የሚመጣው ጠዋት ነው። ያመጣው ሰው በር ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ ቀምሶ ያሳያል፤ የተጠቀለለበትን ወረቀት ግን ማንም አይቀምሰውም፣ አብሮ ይገባል። ያ ወረቀት የኛ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ግማሽ ገጽ፣ ከስብከት መጽሔት የተቀደደ ቅጠል፣ የውኃ ፓምፕ መመሪያ፤ የመጣውን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ፓምፑን እንኳ ወደውት ነበር። ሰው መረጃ ሲርበው የሚበላውን አይመርጥም፤ እኔም አልመረጥኩላቸውም።

አንድ ቀን እህቴ የላከችልኝ የገብስ ቆሎ በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ገጽ ተጠቅልሎ ገባ። የባህል መድኃኒት መጽሐፍ ነው። ላይኛው ግማሽ ስለ ራስ ምታት፣ ታችኛው ስለ ስኳር በሽታ። ርዕሶቹን ጮክ ብዬ ስጠራ «ጠበቃው፣ ለኔ የመጣ ነው» አለ ሹፌሩ። አባባ ያን ቀን ለምርመራ ወጥተው ስለነበር ቦታቸው ባዶ ነበር።

ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አብሽ ተዘፍዝፎ እንዴት እንደሚጠጣ፣ በስንት ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ ከዚያም በሽታው «ከሥሩ ተነቅሎ» እንዴት እንደሚሄድ፤ ሁሉንም አነበብኩ። ጽሑፉ የሚጥም ነበር፤ እኔ ደግሞ ባልነበረበት ቦታ ሁሉ ጣዕም ጨመርኩበት። «እስቲ ድገመው» አሉኝ፣ ደገምኩት። ከገጹ ግርጌ መጨረሻዋ ሌላ ገጽ ላይ የቀረ ግማሽ መስመር ነበረች። የተቆረጠ መስመር ማንበብ አልወድም፤ አንባቢውን አፉን ከፍቶ ያስቀረዋል። እንደ ልማዴ ተውኳት።

ሹፌሩ ገጹን ተቀብሎኝ አጥፎ ኪሱ ከተተ። አንዱ እስረኛ ለሆዱ ያስመጣው አብሽ ነበረው፤ ሰጠው፣ በውኃ ፕላስቲክ ዘፈዘፈው። ማታ መርፌው ሲጠራ አልተነሣም። ፊቱ ላይ ከገባ ጀምሮ ያላየሁት ደስታ ነበር። እኔም በሥራዬ ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋትም አልወጣም። ረፋዱ ላይ ውኃ ማብዛት ጀመረ፤ የራሱን ጨርሶ የኔን ጠየቀኝ። አባባ ከምርመራው በኋላ ደክሟቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ነበር፤ ተነሥተው ተቀመጡና አዩት።

«ልጄ፣ ዛሬ መርፌህን አልሄድክ?»

«ትቼዋለሁ አባባ። መድኃኒት ተገኝቷል፤ ጠበቃው አንብቦልናል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «የጻፈው ሰው ይህን ልጅ አይቶታል?»

«ኧረ አባባ፣ መጽሐፍ እኮ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

«ይሁን። ስኳር ያለበት ሰው አክሞ ያውቃል?»

«ስሙም የለበትም። ገጹ የተገነጠለ ነው።»

«የተገነጠለ ነው? እንግዲያ መጨረሻው የት አለ?»

ገጹ ያለበትን የሹፌሩን ኪስ አየሁ። እሳቸው መልሴን አልጠበቁም። ጉልበታቸውን እያሹ የከሰሉን ነገር አነሡ።

«እኛ ዘንድ ክምሩ አፈር ለብሶ ሲጨስ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ፣ ‹ደርሷል፣ ክፈተው› ይላል። ጭሱ ነጭ እስከሆነ ገና ነው፤ ቶሎ ከከፈትከው ቦግ ብሎ ይነዳል፣ የአምስት ዓመት ዛፍህ አመድ ነው የሚሆን። ስለዚህ መንገደኛውን እንጠይቀዋለን። እንጨቱ ሲደረደር አይተኸዋል ወይ፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ ታውቃለህ ወይ እንለዋለን። አንተስ የራስህን አክስለህ ታውቃለህ ወይ እንለዋለን። ኋላ ደግሞ፣ በል እስክንከፍተው እዚሁ ቁጭ በል እንለዋለን። ከተቀመጠ እንሰማዋለን። መንገዴን ልሂድ ካለ እግዜር ይስጥልን ብለን እንሸኘዋለን። ክምሩን ግን አንነካውም።»

«ክፉ ሰው ነው ማለት ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ምን ክፉ ያደርገዋል። የሚያውቀው ሌላ ክምር ይሆናላ።»

እጄን ወደ ሹፌሩ ዘረጋሁ፤ ገጹን ሰጠኝ። ያችን መስመር ለራሴ አነበብኳት። «ይሁንና በመርፌ የሚታከሙ ሰዎች ይህንን» ይላል። በዚያው ያልቃል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጥፌ ልመልሰው አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር አስቤያለሁ። ማንም አያውቅም ነበር፤ ማንበብ የሚችሉትም ገጹን አላዩትም፤ ሹፌሩም ካጠፈው ወዲህ አልገለጠውም። ግን ሹፌሩ የኔን ውኃ ጨርሶ ከንፈሩን እየላሰ ነበር።

ተነሥቼ ቆምኩ። «ትናንት ያላነበብኩላችሁ መስመር አለች» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። አነበብኳት።

«ከዚያስ?» አለ አንዱ ከወዲያ ጥግ። «‹ይህንን› ምን? ይጠጡ ነው አይጠጡ?»

«አላውቅም» አልኩ። ለመርማሪው ያልኩት ያው ቃል ነው። ለመርማሪው ስለው ግን እንዲህ አላቃጠለኝም።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለኔ ቢሆን ይህ ወረቀት ይበቃኛል» አሉ። «ስኳር የለብኝ፤ ለጨዋታ ነው የምሰማው። ለሱ ግን አይበቃውም። እሱን የምትጠቅመው ያች የጠፋችው ነበረች።»

ሹፌሩ ተቆጣ። «እናንተ ሆዳችሁን ገልጣችሁ አትቆሙ፤ ለእናንተ ቀላል ነው» አለ።

«እውነትህን ነው» አሉት አባባ።  ተነሥተው፣ ከረጢታቸውን ጎትተው፣ እሱ አጠገብ አነጠፉና ተቀመጡ።

ቀትር ሆነ። በሩ ተከፈተ፤ ለፀሐይ ተጠራን። አባባ አልተነሡም። «አባባ፣ ጉልበትዎ» አልኳቸው።

«ምክር ሰጥቼ ወዴት እሄዳለሁ» አሉኝ።

እኔም ቀረሁ። ከዚያ በፊት ለማንም ብዬ ፀሐይ ትቼ አላውቅም፤ ያችን ግማሽ ሰዓት እንደ ነፍሴ ነበር የምጠብቃት። ሦስታችን መጋዘኑ ውስጥ ቀረን። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ አስታወከ። ትንፋሹ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸት ጀመር። አባባ ግንባሩን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉለታል፤ አንድም ጊዜ «አላልኩህም» አላሉትም። በመጨረሻ ዓይኑን ገልጦ፣ «ጥሩልኝ» አለ።

በሩን ደበደብኩ። የመጣው ወጣት ጠባቂ ነው፣ ሌላ ጊዜ ዝም ከሚሉት ወገን። «የመርፌ ሰዓት አልፏል፤ ማታ ይምጣ» አለኝ። የማመልከቻ ቃላቴን ሁሉ ልደረድርለት አፌን ስከፍት አባባ ከኋላዬ ተነሡ። ጋቢያቸውን አራገፉ፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው አስተካክለው ለበሱ። በሩ ድረስ ቀስ ብለው መጡ።

«ልጄ፣ አንተ አላሰርከንም» አሉት። «ይህ ሰው ግን አሁን ካልተወጋ ይሞትብናል። የሰማሁትን አይደለም የምነግርህ፤ ከጠዋት ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጬ ያየሁትን ነው። ዋሽቼ ከሆነ ተመልሰህ ጠይቀኝ። እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ከፀሐይ የተመለሱት ሰዎች ከጠባቂው ኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። እስረኛ የትም አልሄድም ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል። ጠባቂው ራሱ ሊስቅ ከጅሎት ከንፈሩን ነከሰ። አባባ ግን አልሳቁም፤ የምራቸውን ነው የተናገሩት። ልጁ አያቸው፣ ሹፌሩን አየው፣ ዞሮ ሮጠ።

መርፌውን ይዞ መጣ። ብልቃጧን ከካልሲው አውጥቼ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። የጣቢያው መኪና ነዳጅ የለውም ተብሎ በሩ ላይ ያገኙትን ጋሪ አስቁመው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ባጃጅ ሹፌር በፈረስ ጋሪ ተንጋሎ ሲሄድ፤ ኋላ ራሱ ነው የቀለደበት፣ «ሕይወቴን ሙሉ ስቀድመው የኖርኩት ፈረስ አተረፈኝ» እያለ። ያን ጊዜ ግን የሚቀልድ አልነበረም። በሩ ሲዘጋ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አለቀስኩ። አባባ ሰምተዋል። «ማዳበሪያው ክፉ ነው» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን በእግሩ መጣ፤ ከስቷል እንጂ ደህና ነበር። አዲስ ብልቃጥና አንድ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱን ለኔ ሰጠኝ። ቆሜ ለማንበብ አፈርኩ፤ «ቁም እንጂ» አለኝ ራሱ። ቆምኩና ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። የታማሚው ስም፣ ዕድሜው፣ የተመረመረበት ቀን፣ የመርፌው መጠንና ሰዓት፣ መርፌው እንዳይዘለል፣ የባለሙያው ስምና ፊርማ። «ማኅተም አለው፤ ግማሹ ደብዝዟል» ብዬ እሱንም ጨመርኩ። ሰዉ ሳቀብኝ።

አባባ ግን አልጨረሱም። «አይቶታል?»

«አይቶታል አባባ፤ ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ።»

«ሌላ ሰውስ አክሞ ያውቃል?»

«ሥራው ነው።»

«ይቀመጣል?»

የመጨረሻውን መስመር እንደገና አየሁት። «‹ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይታይ› ይላል።»

«እህ» አሉ። «ይሄስ ተቀምጧል።»

ከዚያ በኋላ መርፌው ሲጠራ ሹፌሩ ብቻውን ወጥቶ አያውቅም። ባይፈቀድም ከመካከላችን አንዱ አብሮት እስከ በሩ ይሄዳል፤ ወጣቱ ጠባቂ አይቶ እንዳላየ ያልፈናል። እኔም ማንበቤን አልተውኩም። ብቻ ገጹን ስጀምር ላዩ ተቀዶ እንደሆነ፣ ታቹ ጎድሎ እንደሆነ፣ የጻፈው ይታወቅ እንደሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ። አንድ ሰው «ለምን ልታነበው ነው ታዲያ?» ሲለኝ «ለጨዋታ» እለዋለሁ፤ ለጨዋታ ከሆነ ደስ ብሎት ይሰማል። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የውኃ ፓምፑን በተለይ ይወዱት ነበር፤ ምንጭ ስላላቸው ነው።

የወጣሁት አንድ ጠዋት፣ እንደገባሁት ያለ ምክንያት ነው። ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር ተመለስኩ፤ ጠረጴዛዬ ጎረቤት ሱቅ ቆይቶልኝ ነበር። ዛሬ ኔትወርክ መጥቷል፣ ሰው ስልኩን ዘርግቶ «እስቲ ይችን አንብብልኝ» ይለኛል። አነብለታለሁ። ግን አስቀድሜ ማን ላከልህ፣ የጻፈው ያየውን ነው የሰማውን፣ አንተስ ለምን ፈለግኸው እለዋለሁ። ለጨዋታ ነው ወይስ ልትሠራበት? አንዳንዱ ይሰለቸኛል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ስሜን ቀይረው «መርማሪው» ይሉኛል። ያ መርማሪ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ ግን ጥያቄውን የተማርኩት ከሱ አይደለም። እሱ የጠየቀኝ ሊይዘኝ ነው፤ አባባ የጠየቁኝ ሰው ሊያድኑ ነው። እድሜ ይስጣቸው።

እሳቸው ከኔ አንድ ወር ዘግይተው ነው የተፈቱት። ባለፈው ጥር ሹፌሩ ከኢንጅባራ በባጃጁ መጥቶ አዲስ ቅዳም ላይ ተገናኘን፤ መንገዱ እስከሚያስኬደው ሄደን የቀረውን በእግራችን ወጣን። መርፌውን በትንሽ ቦርሳ ወገቡ ላይ አስሮ ነበር፤ በፈለገው ሰዓት፣ ከዛፍ ጀርባ ቆሞ ይወጋል። ማንም አያየውም። ይህን እያየሁ ስንቱን ነገር አመሰገንኩ።

አባባን ከክምራቸው አጠገብ አገኘናቸው። አቀፉን፣ ሳሙን፣ አገላብጠው አዩን። ዳቦና አረቄ አስመጡልን። እየተጫወትን ሳለ ከአፈሩ ቀዳዳ የሚወጣውን ጭስ አየሁት፤ የሳሳ መሰለኝ። አንድ ነገር ማወቄን ላሳያቸው ፈልጌ ነው መሰል፣ አፌ ቀደመኝ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ደርሷል፤ ቢከፍቱት አይሻልም?»

ሹፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አባባ ወደ ክምሩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ አጥፈው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አነጠፉልኝ።

«በል ቁጭ በል» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጠኝ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ጭሱ ገና ነጭ ነበር።